ስለምትቀደደው ገጽ ለክቡር ዲን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ፦ የጤና ሙያ ኮሌጃችንን የትምህርት ዘርፍ በበላይነት ለሚመሩት፣ «የመድኃኒት መጠን ስሌት» የተሰኘውን መጽሐፍ እስከ አራተኛ እትሙ ብቻቸውን ለደረሱት፣ የፈተና ኮሚቴው ሰብሳቢ ለሆኑት፣ በፈተና ኮሚቴው የተበደሉ ሰዎች አቤት የሚሉበት የይግባኝ ኮሚቴም ሰብሳቢ ለሆኑት ለክቡር ዲን፤

ጉዳዩ፦ በነጻ ይነበብ የነበረውን የመማሪያ መጽሐፍ ስላነሡልን፣ በምትኩም አንዲት የምትቀደድ ገጽ ስለሰጡን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ መጽሐፍዎ በየሁለት ዓመቱ እየታደሰ፣ እንደ መጽሐፍዎም ከሽፋኑ ቀለም በቀር ምንም ሳይለወጥበት እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ። የቤተሰብዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። የቢሮዎን ምንጣፍ ደኅንነት ግን አልጠይቅም፤ ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ደጅዎ ቆሜ በሚገባ ተመልክቼዋለሁና ደኅና ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ከድፍረት አይደለም። በዝግ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። ጸሐፊዎ ሦስቱንም በፈገግታ ተቀብላ «ክቡርነታቸው ያዩታል፣ አባቴ» ብላኛለች። ልጅቱ አልዋሸችም፤ ሁለተኛው ፖስታ በጠረጴዛዎ ላይ ከሻይ ብርጭቆ ሥር ተነጥፎ በተከፈተው በር አይቼዋለሁ፤ ብርጭቆውን ባነሡ ቁጥር እንደሚያዩትም አልጠራጠርም። አራተኛው ሻይ እንዳይፈስበት በማሰብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ መርጫለሁ።

ማን እንደሆንኩ ቢዘነጉ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መጻሕፍት ስጠርዝ የኖርኩ፣ ጀርባው የተሰበረውን የማቀና፣ ገጹ የረገፈውን የምሰፋ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ በእርስዎ ዓይነት ኮሌጅ አልነበረም፤ በአንድ ሽማግሌ መምህር እግር ሥር ተቀምጬ፣ በቃል በመያዝና በእጅ በመገልበጥ የተማርኩ ነኝ። ስለዚህ ንግግሬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ እኛ በተማርንበት ዘመን ዐረፍተ ነገር በነጻ ነበር።

ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ከእኩልነት ስላዳኑን አመሰግናለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የመድኃኒት መጠን ስሌት የምታስተምረው መምህርት፣ ማለትም ዘወትር «ነጥቧን ተመልከቱ፣ ነጥቧ ሰው ትገድላለች» ስለምትል ተማሪዎቿ «እመት ነጥብ» ያሏት፣ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና የራሷን የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀች። አላሳተመችውም፤ አልሸጠችውም። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጣ፣ ማንም በስልኩ እንዲያነብበው፣ እንዲያትመው፣ ለጓደኛው እንዲያካፍለው፣ ስሕተት ያገኘበትም እንዲነግራት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፋ ፈቀደች። ከዚያ በፊት ትምህርቱ የሚሰጠው በእርስዎ መጽሐፍ ብቻ እንደነበረ፣ መጽሐፉን ለመግዛትም አንዲት ልብስ አጣቢ ሁለት ወር ሳትበላ መሥራት እንደነበረባት ማስታወስ ይበቃል፤ ስለ ዋጋ ከዚህ በላይ ማውራት ለሁለታችንም ነውር ነው።

በእርስዎ መጽሐፍ ዘመን ከጧቱ ክፍል፣ ማለትም ወላጅ መጽሐፍ ከሚገዛላቸው አርባ ተማሪዎች መካከል፣ ሠላሳ ስድስቱ ያልፉ ነበር። ግማሹን ቀን በሥራ ከሚውለው ከከሰዓቱ ክፍል ግን ከአርባው አሥራ ዘጠኙ ብቻ። ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ የእነዚህ ልጆች ጭንቅላት ከምሳ በኋላ አይሠራም ብለን ደምድመን ተቀምጠን ነበር። እመት ነጥብ መጽሐፏን ባወጣች ዓመት ከከሰዓቱ ክፍል ሠላሳ አምስቱ አለፉ። ከጧቶቹ አንድም አልቀነሰም። የወደቁትን አምስቱን አውቃቸዋለሁ፤ እንቅልፋቸውን በቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ላይ የሚጨርሱ ናቸው። እኔ ለስንፍና ምሕረት የለኝም፤ በዚህ እርስዎና እኔ እንስማማለን። ሰው በገዛ ስንፍናው መውደቅ መብቱ ነው። ቀድሞ በየዓመቱ ይወድቁ ከነበሩት ሃያ አንዱ መካከል አሥራ ስድስቱ ግን ይህ መብት ተነፍጓቸው ኖረዋል፤ እነሱ ይወድቁ የነበረው በእርስዎ መጽሐፍ ምክንያት ነበር።

ይህ ውጤት በጉባኤ ሲነበብ ተነሥተው የተናገሩት በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፤ ቃለ ጉባኤውን የጠረዝኩት እኔ ስለሆንኩ አንብቤዋለሁ። «ሁሉም የሚያልፍበት ነገር በር እንጂ ፈተና አይባልም» ብለዋል። በሳምንቱ መጽሐፉ ከድረ ገጹ ወረደ። በሩን ስለዘጉልን እናመሰግናለን፤ ነፋስ ይገባበት ነበር።

፪ኛ፦ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ከዕውቀት ስላጸዱልን አመሰግናለሁ።

የሟች ታናሽ ወንድሜ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በእኔ ቤት ያደገች ናት። ደብተር ገዝቼላት አላውቅም፤ በአለቃዬ ፈቃድ ከጥረዛ የተረፈውን ወረቀት እየቆረጥኩ በእጄ እሰፋላት ነበር። ዛሬ ጧት ጧት በሆስፒታሉ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ታጥባለች፤ ከሰዓት በኋላ በኮሌጅዎ ነርስነት ትማራለች። ይህን ዓመት ካለፈች ሆስፒታሉ ከማጠቢያ ቤት አውጥቶ ወደ ሕፃናት ክፍል ሊያዛውራት በጽሑፍ ቃል ገብቶላታል፤ እስከ መጪው ዓርብ የማለፊያ ውጤቷን ካላቀረበች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ክቡርነትዎ ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ደብዳቤዬ በሙሉ የተጻፈው ስለ እሱ ነው።

ይህች ልጅ የእመት ነጥብን መጽሐፍ አትማ፣ እንፋሎት እንዳይነካው እያንዳንዱን ገጽ በፕላስቲክ ሸፍና በማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር። አንድ ጧት ምሳዋን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ብገባ፣ ሴቶቹ አንሶላውን በአራት ማዕዘኑ ይዘው እያጠፉ ይፈትኗታል። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነችው፣ ትምህርት ቤት በደጁ እንኳ ያላለፈችው አጣቢ ወገቧን ይዛ፦

«አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑ አሥር ኪሎ ነው። ስንት ትሰጪዋለሽ?» አለቻት።

«በኪሎ አሥራ አምስት፤ ሲባዛ አንድ መቶ ሃምሳ ሚሊግራም።»

«ነጥቧስ?»

«ነጥብ የለባትም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ሕፃኑ ተርፏል፤ ያዢ ጫፉን!»

እኔ ይህን ስሰማ ተቆጣሁ። ዕውቀት እጅ ታጥቦ፣ ተቀምጦ፣ በአክብሮት ይነካል እንጂ ከቆሸሸ አንሶላ ጋር አይንጠለጠልም ብዬ በሰው ፊት ገሠጽኳት። ትልቋ ሴት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እጃችን እንደሆነ ሲታጠብ ነው የሚውለው፣ ጋሼ» አለችኝ። ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁ።

መጽሐፉን ከድረ ገጹ ባወረዱ ማግስት ለሆስፒታሉ «ያልተፈቀደ ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ይገኛል» ብለው በጻፉት ደብዳቤ መሠረት ግድግዳው ተፍቆ ተቀብቷል። አሁን ነጭ ነው። በነጭነቱም ሆነ በያዘው ቁም ነገር ለአራተኛው እትም ከጻፉት መግቢያ ጋር ይተካከላል።

፫ኛ፦ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ።

በመጽሐፍዎ ገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስምንት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ አሥራ አምስት ሚሊግራም ተሰልቶ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊግራም እንዲሰጠው ታዟል። ልብስ አጣቢዎቹ እንደሚያውቁት ትክክሉ አንድ መቶ ሃያ ነው። ይህ ሕፃን ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አራት ጊዜ ሞቷል። የወንድሜ ልጅ ስሕተቱን አግኝታ በትሕትና ስታመለክት ከቢሮዎ የደረሳት መልስ «በመጽሐፉ መሠረት ትክክል ነው» የሚል ነበር። በእመት ነጥብ መጽሐፍ ውስጥም አንድ ስሕተት ነበረ፤ አንድ ተማሪ ማክሰኞ ነገራት፤ ሐሙስ ታርሞ ከግርጌው የተማሪው ስም በምስጋና ተጻፈ። ለተማሪ እጅ የመስጠት ውርደት በእርስዎ መጽሐፍ ላይ ስላልደረሰ እንኳን ደስ አለዎ።

፬ኛ፦ ወደ ምድር ቤት ስለወረዱ አመሰግናለሁ።

ነጻው መጽሐፍ ከድረ ገጹ ቢወርድም ከተማሪው ስልክ አልወረደም፤ ስለዚህ አራተኛው እትም ከማተሚያ ቤት መጥቶ ከነካርቶኑ ተደርድሮ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ክቡርነትዎ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሙጫው ሽታ ምክንያት አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው፣ ደረጃዎቼን የወረዱት። በብብትዎ ቁጥር የተሰጣቸውና የኮሌጁ ማኅተም ያረፈባቸው የመልስ ወረቀቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ አንድ አንድ ወረቀት እንድሰፋ፣ በቀላሉ ተቀዶ እንዲወጣም መስመሩን በወስፌ እንድበሳሳ አዘዙኝ። የዓመቱ ፈተና በዚያ ወረቀት ላይ ካልሆነ በሌላ በምንም ላይ እንደማይሠራ ነገሩኝ፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከወንድም ወደ እኅት፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፍ የነበረው መጽሐፍ ከእንግዲህ «አንድ መጽሐፍ፣ ለአንድ ተማሪ፣ ለአንድ ጊዜ» እንደሚሆን በኩራት አስረዱኝ። «ማስታወቂያው እስኪወጣ ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። የልጅዎ እኩያ የሆንኩ ይመስል «አንተ» ስላሉኝ አልተቀየምኩም፤ ዲን በራሱ እግር የመጣለት ጠራዥ እኔ ብቻ መሆኔን ሳስብ ልቤ አብጦ ነበርና።

ሠራሁት። የሰማንያውን መጽሐፍ ጀርባ ፈትቼ፣ ወረቀቱን አስገብቼ፣ መልሼ ሰፋሁ። ክሩን መምህሬ ባሳዩኝና በዚህ ከተማ ሌላ ጠራዥ በማያውቀው ድርብ ቋጠሮ አሠርኩት። የወስፌው ነጠብጣብ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር። በሕይወቴ የሰፋሁትን ሁሉ እንዳይቀደድ ብዬ ነው የሰፋሁት፤ እንዲቀደድ ብዬ የሰፋሁት ይህን ብቻ ነው፤ ከሁሉም ያማረልኝም እሱ ነው። እርስዎ አንዱን ገልጠው ሳብ አደረጉና «ግሩም ነው፤ አንድ ጊዜ ሳብ ሲደረግ ይነሣል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻዬ ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ዋለ።

፭ኛ፦ ይህ ቁጥር የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ነገር ግን ተራውን ላለማዛባት እዚሁ አኖረዋለሁ።

ማስታወቂያው የወጣው ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ነው። በፈተናው ዋዜማ፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የወንድሜ ልጅ ወደ ምድር ቤት መጣች። እጇ በሳሙና ተሸብሽቧል። ከጠረጴዛዬ ፊት ቆማ «ጋሼ፣ መጽሐፉንስ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የጎደለችኝ ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። ሰው ሁሉ የራሱን ለራሱ ይፈልጋታል፤ የሚያውሰኝ የለም። የት እንደምትገኝ አያውቁም?» አለችኝ።

ከጥረዛው የተረፉ አሥራ አንድ ወረቀቶች፣ ቁጥራቸውም ማኅተማቸውም የተሟላ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ በቆዳ ሽርጤ ሥር ነበሩ። መዳፌን በሽርጡ ላይ ጫን አድርጌ አሳረፍኩ። ከዚያም «የእኛ ቤት ሰው በአቋራጭ አይሄድም። ያለሽን ይዘሽ ግቢ፤ ዕውቀትሽን አይተው ይፈርዱልሻል» አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። ከመውጣቷ በፊት በወለሉ ላይ የወደቀ የክር ጥቅል አንሥታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ከእጄ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያን ዕለት ሐቀኝነቴን ጠብቄ ወደ ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬም ደኅና ነው፤ አንድም ጭረት አልነካውም። አንዳንድ ጊዜ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ቁጥርና ማኅተም አለበት፤ በቁጥርም አሥራ አንድ ነው።

፮ኛ፦ ለፈተናው ቀን ሥርዓት አመሰግናለሁ።

የፈተና ኃላፊዎ «ገጾቻችሁን ቅደዱ» ብለው ሲያዝዙ የተሰማው ድምፅ እስከ ምድር ቤት ወርዷል። ሃምሳ ዘጠኝ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲነሣ ሰማሁ፤ መስመሩን በደንብ ስለበሳሁት አንዱም አልተቦጨቀም። ሃያ አንድ ሰዎች የሚቀድዱት ገጽ አልነበራቸውም፤ ሃያ አንዱም ከከሰዓቱ ክፍል ናቸው። ከአዳራሹ አልተባረሩም፤ ኃላፊዎ ባዶ ወረቀት አድለው «እናንተም ጻፉ፤ ልምምድ ይሆናችኋል» ብለዋቸዋል። እነሱም ይህን የቸርነት ንግግር አምነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፉ። ወረቀታቸው ሳይታረም «ቅጹን ያላሟላ» የሚል ቀይ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰላቸው። ስለ እኩልነት ለሚጮኹ ሰዎች የሚሆን መልስ እዚህ ላይ ይገኛል፦ ሃያ አንዱም ያለ ምንም አድልዎ እኩል ዜሮ አግኝተዋል።

የወንድሜን ልጅ ወረቀት ለእመት ነጥብ ይዤላት ሄድኩ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ በእርሳስ አረመችው፤ ከሃምሳ አርባ ሰባት። ስለ ስምንት ኪሎው ሕፃን በቀረበው ጥያቄ ላይ ልጅቱ አንድ መቶ ሃያ ብላ መልሳ ነበር። «በእሳቸው መልስ መስጫ ይህ ስሕተት ነው። እኔ ግን ሕፃኑን አልገድልም» አለችና የትክክል ምልክቷን አኖረች።

ይግባኝ አልን። ከእርስዎ ወደ እርስዎ የሚደረገው ጉዞ አጭር በመሆኑ ፋይሉ ሳይንገላታ በአንድ ቀን ተመለሰ፤ መልሱም አንድ መስመር ነበር፦ «ቅጹ የፈተናው አካል ነው።» ለፈጣን አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።

፯ኛ፦ ከፈተናው በኋላ አራተኛው እትምዎ በየኮሪደሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተገኝቷል። ገጹ ከተቀደደ ወዲያ የሚፈልገው አልነበረም። አንዱ በፈተና አዳራሹ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቶ ጠረጴዛውን አጽንቶታል፤ በዚህ እትም የተረዳ የመጀመሪያው አካል ነው።

ክቡር ሆይ፤

አሁን ወደ ልመናዬ እመጣለሁ። እኔ የነጻውን መጽሐፍ ጠላት ነበርኩ። ጀርባ የለውም፣ ክር አልገባበትም፣ ያልተለፋበት ነገር አይከበርም ስል ሦስት ዓመት ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አሰልችቻለሁ። ዜሮ የተመታበትን ያን ወረቀት በእጄ ይዤ ስቀመጥ ግን መምህሬ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የነበራቸው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። በየተራ ወስደን እንገለብጠው ነበር፤ የሀብታሙም ልጅ፣ የእኔም ዓይነቱ። ማንንም ምን አለህ ብለው አልጠየቁም። መጽሐፉን ሲሰጡን የሚሉን «ገልብጥ፤ ግን አትሳሳት» ብቻ ነበር። ስሕተት ያገኘባቸውንም ልጅ ከሁላችን ፊት ያመሰግኑት ነበር። ለካ እመት ነጥብ አዲስ ነገር አላመጣችም፤ የመምህሬን ሥራ ነው የሠራችው። በአሮጌው ትምህርት ስኮራ የኖርኩ እኔ፣ አሮጌው ትምህርት በፊቴ ሲሄድ አላወቅሁትም። ነጻውን መጽሐፍ ለመክሰስ ተነሥቼ ለእርስዎ ክር አቀበልኩ።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የሃያ አንዱ ሰዎች ወረቀት እስከ ዓርብ ይታረም። ነጻው መጽሐፍ ወደ ቦታው ይመለስ። የገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለቱ ሕፃን ወይ ይዳን፣ ወይ በክብር ይቀበር። እንደ ክቡርነትዎ ያለ የተማረ ሰው ይህን ለማድረግ የሚቸገረው ነገር ቢኖር፣ ማድረግ እንደሚችል ማመን ብቻ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥራ አንዱን ወረቀቶች፣ ወስፌዬንና የምድር ቤቱን ቁልፍ አባሪ አድርጌ ለመዝገብ ቤት አስረክቤያለሁ። ሰኞ በሚደረገው የኮሌጁ ጉባኤ ላይም ተገኝቼ ገጹን ያሰፋው ማን እንደሆነ፣ የሰፋውም ማን እንደሆነ፣ ትርፉን በሽርጥ ሥር የደበቀውም ማን እንደሆነ በአንደበቴ እናገራለሁ። ከሦስቱ ጥፋቶች ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ስለዚህ በቁጥር በልጬዎታለሁ፤ በማዕረግ ግን እንደ ሁልጊዜው ከላይ ነዎት።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ቢነቃነቅም ከእግሩ ሥር የሚገባ አምስተኛና ስድስተኛ እትም እንዳይታጣ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤ መጉበጤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ የመጣ በመሆኑ ለእርስዎ ብዬ እንዳደረግሁት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

የቀድሞው የቤተ መጻሕፍቱ ጠራዥ

ግልባጭ፦
ለቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለእመት ነጥብ (ነጥቦቹን እንድትመለከትልኝ)፤
ለሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነጭ ግድግዳ፤
ለስምንት ኪሎው ሕፃን (በሕይወት ካለ)።

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፦

ገጹን የሰፋሁት እኔ እንደሆንኩ ለወንድሜ ልጅ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት ከነመጽሐፉ የመጣ ይመስላት ነበር፤ እኔም እንዲመስላት ዝም ብያለሁ። ዛሬ ጧት ግን ከጉባኤው ሰዎች አስቀድማ ከእኔ እንድትሰማው ብዬ፣ ከቅርጫት ያነሣሁትን አንድ አራተኛ እትም ይዤ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ንግግሬን ሦስት ጊዜ አሰናድቼ ነበር። እጇን በሽርጧ አድርቃ መጽሐፉን ተቀበለችኝ። ከፊት አልገለጠችውም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄዳ፣ ገጹ ከተቀደደበት ቦታ የቀረውን ክር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሴቶቹ አንሶላ ማጠፋቸውን አቆሙ። እኔም ያሰናዳሁትን ልጀምር ተጠጋሁ። እሷም ቀና ሳትል፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ የልጅነት ደብተሮቼን ሁሉ በዚህ ነበር የሰፉልኝ። ከነሱ ግን አንድም ገጽ ተቀዶ አያውቅም።»